የሬቲኖብላስቶማ ሕመምተኛ ልጅን ማስታመም፦ ከመጀመሪያው ጥርጣሬ እስከ ሰው ሠራሽ ዓይን

የእኅቴ ልጅ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው ሲል የጎረቤት ልደት ላይ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ቀኝ ዓይኑ እንደማንኛውም የፍላሽ ፎቶ ቀላ ብሏል። ግራው ግን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ያበራል። «ፍላሹ ነው» አልን። ደግሜ አነሳሁት፤ ያው ነው። ያንኑ «ፍላሹ ነው» እያልን ሁለት ወር ተቀመጥን።

የበሽታው ስም ሬቲኖብላስቶማ ነው። ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ ሬቲና ይባላል። ካንሰሩ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። የሕፃናት በሽታ ነው፤ አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ናቸው። እምብዛም አይገጥምም። ከ15,000 እስከ 20,000 ሕፃናት ሲወለዱ አንዱን ቢይዝ ነው። እኛም ስሙን ሰምተነው አናውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ለአስታማሚ ነው። እናትየው ልጁን ታቅፋ ስለምትውል፣ ወረቀት የሚይዝ፣ ሰልፍ የሚሰለፍ፣ ሐኪሙን የሚጠይቅ ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። አክስት ትሁን አጎት፣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት እኔ ነበርኩ። ከሥራዬ ሁሉ ትልቁ ምን እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ ቀን እንዳይባክን መጠበቅ ነው እላችኋለሁ።

ለምን ቀን? በፈረንጆቹ 2017 በሽታው የተገኘባቸውን ከ4,000 በላይ ልጆች ከ153 አገሮች ያሰባሰበ ጥናት አለ። በሀብታም አገሮች በሽታው የሚታወቀው ልጁ 14 ወር ገደማ ሲሆነው ነው። በድሃ አገሮች ግን 30 ወር አልፎት ነው። በድሃ አገሮች ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ሐኪም ጋ ሲደርሱ ካንሰሩ ከዓይን ወጥቷል። በሀብታም አገሮች ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞሉም። እዚያ ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆኑት የሚተርፉትም ለዚህ ነው። በሽታው እዚህም እዚያም አንድ ነው።

1. ጥርጣሬ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩ

ዋናው ምልክት ብሌኑ ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ነው። ፎቶ ላይ ብቻ ሊታይ ይችላል፤ ወይም ማታ አምፖል ስር ልጁ ወደ ጎን ሲያይ ብልጭ ይላል። ሁለተኛው ምልክት ዓይኑ ሸወር ማለቱ ነው። በመድኃኒት የማይለቅ የዓይን መቅላትና ማበጥም አለ። ዓይኑ ወደ ውጭ መግፋት ከጀመረ ግን ብዙ ዘግይቷል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ተነሱ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ በባትሪ ብልጭ አድርገው አይተው «ሲያድግ ይተወዋል» አሉን። ልብ በሉ፤ ብሌኑን በጠብታ ከፍተው ውስጡን ካላዩት አላዩትም። ፎቶውን አትደልዙት። አሳዩት፤ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ሪፈር ነው። አዲስ አበባ ላይ ለዓይኑ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ለኬሞው (ካንሰሩን ለሚገድለው መድኃኒት) ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ናቸው የሚታወቁት። ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የዓይን ሕክምና ክፍል ስላላቸው ቅርባችሁ ካሉ እዚያ መጀመር ትችላላችሁ። የጤና መድህን ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱ በየደረጃው መሟላት አለበት። አንድ ማኅተም ጎድሎ ከአዲስ አበባ ወደ ወረዳ የተመለሰ ቤተሰብ አይቻለሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት ማኅተሙን ፈትሹ።

ሐኪሞቹ ናሙና ሳይወስዱ «ካንሰር ነው» ቢሉ አትደንግጡ። እኔ «ሳይመረመር እንዴት ያውቃሉ?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። በዚህ በሽታ መርፌ ዓይኑ ውስጥ ቢገባ ካንሰሩን ሊበትነው ይችላል። ስለዚህ ልጁን በማደንዘዣ አስተኝተው ውስጡን ያያሉ፣ አልትራሳውንድ ያነሳሉ፣ ሲቻል ኤምአርአይ ይጨምራሉ። ሁለተኛውንም ዓይን በደንብ እንዲያዩ ጠይቁ። ከሦስት ልጆች አንዱ ገደማ ሁለቱም ዓይኑ ላይ ነው የሚይዘው።

2. አንድ ማኅደር፣ አንድ ደብተር

ወረቀት ይጠፋል። ስለዚህ ውሃ የማያስገባ ማኅደር ግዙና የካርድ ቁጥሩን ላዩ ላይ በትልቁ ጻፉበት። እያንዳንዱን ውጤት በእጃችሁ በገባበት ደቂቃ ፎቶ አንሱትና በቴሌግራም ለሁለት ሰው ላኩ። ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ያየውን ሐኪም፣ የተባለውንና ቀጣዩን ቀጠሮ አስፍሩ። ጥያቄም እዚያው ጻፉ፤ ሐኪሙ ፊት ስትቆሙ ሁሉም ከጭንቅላት ይጠፋል። ማኅደሩን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

3. ማደንዘዣ ያለበት ቀን ጾም

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ከሁሉ በላይ ቀን ያቃጠለብን እሱ ነው። ልጁ በማደንዘዣ የሚታየው አንዴ አይደለም፤ በወራት ውስጥ ደጋግሞ ነው። በየጊዜው በባዶ ሆዱ መግባት አለበት። ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ተኝቶ ሳለ አስመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

የተለመደው ሕግ ይህ ነው፦ ምግብና የላም ወይም የቆርቆሮ ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። ቀጠሮው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ የመጨረሻው ምግብ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ጡት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ውሃ እስከ ንጋት 12 ሰዓት። ሆስፒታሉ የነገራችሁ የተለየ ከሆነ የእነሱን ያዙ።

እኛ የስልክ ደወል ሞልተን ሌሊት ቀሰቀስነው፤ ገንፎ በላ። ጠዋት ተራ ስንጠብቅ ልጁ አለቀሰ። እናቴ አንጀቷ አልችል አላትና ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ብስኩት ፈታ አጎረሰችው። ነርሷ አየች። ቀጠሮው ተቃጠለ፤ ቀጣዩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆነ። እናቴን መቆጣት አልቻልኩም፤ የነገራት ሰው አልነበረም። አያቶችን ቁጭ አድርጋችሁ ምክንያቱን አስረዷቸው። ጡት የምታጠባዋን እናት ደግሞ ከልጁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጧት፤ ጡቱ ከሸተተው አያርፍም። ሌላ ሰው ይዘለው፣ ግቢውን ያዙረው። ተራው ወደ ከሰዓት ከተገፋ ውሃ መስጠት ይቻል እንደሆነ ሄዳችሁ ጠይቁ። ዝም ብላችሁ ካስጠማችሁትም ይጎዳል።

4. «ዓይኑ ይውጣ» የተባለ ቀን

ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ በሌዘር፣ በማቀዝቀዝና በኬሞ ዓይኑን ማትረፍ ይቻላል። ዓይኑን ከሞላው ግን የሚመከረው ማውጣት ነው። እኛ ጋ የሆነውም ይኸው ነው።

የልጁ አባት «ልጄን በቁሙ አላስጎድለውም» ብሎ ተነሳ። አጎቶች መጡ። አንዱ «ሕንድ ይወሰድ» አለ፤ በምን ገንዘብ እንደሆነ ግን አልተናገረም። አንዷ «ዓይነ ጥላ ነው» አለች። ሁሉም ልጁን ስለሚወዱ ነው። ካንሰሩ ግን ሽምግልና አይጠብቅም።

እኔ የሞከርኩት በሦስት መንገድ ነው። መጀመሪያ አባትየውን ብቻውን ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት፣ «ምስሉን ያሳዩት» ብዬ ለመንኩ። ያ ዓይን ከዚያ በፊትም እንደማያይ ተረዳ። ከዓይን ጀርባ ወደ አንጎል የሚሄድ ነርቭ አለ፤ ካንሰሩ እሱን ይዞ ከሄደ የሚሆነውንም ሰማ። ሁለተኛ፣ የንስሐ አባታቸውን አስቀድሜ አነጋገርኳቸው። ቤተሰቡ ጠበል ልሂድ ሲል እሳቸው ራሳቸው «ጠበሉም ሕክምናውም የእግዚአብሔር ነው፤ ሁለቱንም አድርጉ» አሉ። ከእኔ አንድ ሺህ ቃል የእሳቸው አንድ ቃል በለጠ። ሦስተኛው ግን ነው የለወጠው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ለቀጠሮ መጥታለች። ልጁ ኮሪደሩን በሩጫ ያምሳል። «ዓይኑ የወጣው የቱ ነው?» ብሎ አባትየው ጠየቃት። «ገምት» አለችው። ተሳሳተ። በማግስቱ ፈረመ።

ስለዚህ ነርሶቹን ጠይቁና በዚህ ያለፈ ወላጅ ፈልጉ። ጠበልን በተመለከተ፣ መከልከል ጠብ ነው የሚያመጣው፤ ግን ሁለት ነገር አስጠብቁ። የተቀደደው ቦታ ሳይድን ውሃ እንዳይገባበት፣ በኬሞ ጊዜም ያልፈላ ውሃ እንዳይጠጣ።

እናትየው ፊት የማይባሉ ቃላት አሉ። «ምን በድላችሁ ይሆን?» አይባልም። «ዓይን የሌለው ልጅ» አይባልም። «ቀድመሽ ብታሳዪው ኖሮ» ደግሞ በፍጹም፤ እሷ ሌሊት ሌሊት ራሷ ትለዋለች።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከፈራነው ቀለለ። ዓይኑ ወጥቶ በቦታው ክብ ነገር ይተካል፤ ከላዩ ቅርጽ የሚጠብቅ ቀጭን ፕላስቲክ ይደረጋል። ያ ፕላስቲክ ቢወጣ አትደናገጡ። በንጹሕ ነገር አስቀምጡትና ወደ ሕክምናው ደውሉ። አሁን ዋናው ሥራችሁ የፓቶሎጂውን ውጤት መከታተል ነው። የወጣው ዓይን ተመርምሮ ካንሰሩ ወደ ነርቩ ወይም ወደ ዓይኑ ግድግዳ ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ኬሞ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚባለውም ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ቤተሰብ «ወጣ፣ ተገላገልን» ብሎ ውጤቱን ሳይጠብቅ አገሩ ይገባል። አትሂዱ። ከሄዳችሁም አንድ ሰው አዲስ አበባ ላይ ይቅር።

5. ኬሞ፦ ሙቀት መለኪያውን ኪሳችሁ ያዙ

በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ዙር ነው። የተለመዱት መድኃኒቶች ቪንክሪስቲን፣ ኢቶፖሳይድና ካርቦፕላቲን ናቸው። ከየዙሩ በፊት የደም ምርመራ አለ። የደም ሴሎቹ ቁጥር ከወረደ ዙሩ ይገፋል፤ ከዚያ ቤት ሄዶ መጠበቅ ነው። ይህ የናንተ ጥፋት አይደለም።

ከኬሞው ከሰባተኛው ቀን እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሉ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ጊዜ ትኩሳት ማለት ድንገተኛ ነው። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊት ይሁን ዝናብ፣ ሆስፒታል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ «እስኪነጋ እንይ» አትበሉ፤ መድኃኒቱ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ውስጡ ይሠራል። በብብት ለኩ፤ በፊንጢጣ አትለኩ። የታክሲ ሹፌር ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። የሰፈራችሁን የምሽት ሁኔታ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቪንክሪስቲን ሆድ ያደርቃል፣ መንጋጋም ያሳምማል። ልጁ አልበላ ሲል ቅብጠት መስሎን ነበር፤ አሞት ነው። ሰገራ ሳይወጣ ሁለት ቀን ካለፈ ተናገሩ። ካርቦፕላቲን ጆሮ ሊጎዳ ስለሚችል የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቁ። ማስመለስን የሚከላከለው መድኃኒት ከኬሞው ቀድሞ ነው የሚሰጠው፤ ካልተሰጠ አስታውሱ። ክትባት ሲደርስ ጤና ጣቢያ ከመውሰዳችሁ በፊት የካንሰር ሐኪሙን ጠይቁ።

ምግቡ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሾርባ፣ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ የተላጠ ሙዝ ይሁን። ክትፎ ለብለብ፣ ያልፈላ ወተት፣ ሰላጣ ይቅር። ዳማ ከሴ ሆነ ሌላ የአገር መድኃኒት ለሐኪሙ ሳትነግሩ አታጠጡት፤ ከኬሞው ጋር ምን እንደሚሠራ አይታወቅም።

ጠያቂ ላይ ጨክኑ። ሰው እንጀራና ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ልጁን አገላብጦ ይስማል፣ ጉንፋኑንም ይተውለታል። እኔ በር ላይ አንድ ጀሪካን ውሃና ሳሙና አስቀመጥኩ። «ሐኪሙ ከልክሏል» የሚለው ቃል ደግሞ ማንንም አያስቀይምም። ጥፋቱን ሁሉ ሐኪሙ ላይ ጣሉ፣ አይከፋውም።

ሦስተኛው ዙር አካባቢ አንድ ፈተና ይመጣል። ልጁ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ጸጉሩ ብቻ ነው የሌለው። ገንዘብ አልቋል፣ አዝመራ ደርሷል። «ድኗል እኮ፣ ለምን እናሰቃየዋለን?» ይባላል። ወላጆች ሕክምና የሚያቋርጡት ብዙውን ጊዜ ልጁ ደህና ሲመስል ነው። ካንሰሩ ሲመለስ ግን እንደ መጀመሪያው አይመለስም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስድስት ሳጥን ያለበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በየዙሩ አንዱን አጥቁሩ።

6. ገንዘብና ማደሪያ

ካንሰር ያለባቸው ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ የሚባል ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ማደሪያ በመስጠት ይታወቃል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም አለ። ሁለቱንም ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛም አነጋግሩ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ሠራተኛ መኖሩን አያውቅም።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ መጀመሪያ ሲሰማ ደንግጦ ብዙ ይልካል፣ ከዚያ ይረሳል። «በየወሩ ትንሽ፣ እስከ ስድስተኛው ዙር» ብላችሁ ንገሩት። ትልቁ ወጪ ትራንስፖርት፣ ቤት ኪራይና ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛ ነገር ነው። ደረሰኙን ማኅደሩ ውስጥ ክተቱ፤ ገንዘብ የሰጠ ሰው ባይጠይቅም ማሳየቱ ጥሩ ነው።

7. እናትየው፣ አባትየው፣ ቤት የቀሩት ልጆች

«አይዞሽ» ጥሩ ቃል ነው። «ዛሬ ሌሊት እኔ አድራለሁ፣ አንቺ ተኚ» ይበልጣል። እኅቴ በሦስት ሌሊት አንዴ ሙሉ እንቅልፍ ስትተኛ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። አባት ደግሞ ብዙ አያወራም። ሥራ ስጡት፤ ደም ልገሳም ይሁን መድኃኒት ፍለጋ። ሥራ ሲያገኝ ይተነፍሳል።

ጥፋቱ የማን ነው የሚል ክርክር ይነሳል፣ በተለይ በባልና በሚስት ዘመዶች መካከል። ምግብ አላመጣውም፤ እርግማን አላመጣውም፤ በእርግዝና ጊዜ ያየችው ነገርም አላመጣውም። አርቢ1 (RB1) የሚባል ጂን፣ ማለትም ሴል ውስጥ ያለ የዘር መመሪያ፣ ሲበላሽ ነው የሚመጣው። ከአሥር ልጆች በስድስቱ ገደማ ብልሽቱ ዓይኑ ውስጥ ብቻ ነው። በቀሩት መላ አካሉ ላይ አለ፣ ለልጁም ሊያወርሰው ይችላል፤ ግን ከእነሱም ብዙዎቹ በቤተሰቡ ውስጥ የመጀመሪያ ናቸው። ሁለቱም ዓይን ከተያዘ በዘር የሚሄደው ዓይነት ነው።

ስለዚህ ወንድምና እኅቶቹን ሁሉ ብሌናቸው ተከፍቶ ይታዩ። ወደፊት ሕፃን ከተወለደም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ይታይ፤ ፎቶ ላይ እስኪያበራ አይጠበቅም።

8. ሰው ሠራሽ ዓይንና ከዚያ በኋላ

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ፣ ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ሰው ሠራሽ ዓይን ይገጠምለታል። ልጁ ሲያድግ ይጠበዋል፤ በየጊዜው መቀየር አለበት። የምታጸዱት በንጹሕ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ነው፤ አልኮል አይነካውም። የቀረው ዓይን አንድ ስለሆነ መከላከያ መነጽር ያስፈልገዋል። ሌንሱ የማይሰበር ፖሊካርቦኔት ይሁን፤ ቁጥር ባይኖረውም ይደረግ።

ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል። በዘር የሚሄደው ዓይነት ከሆነ ካደገም በኋላ የማይለቅ የአጥንት ሕመም ወይም እብጠት ሲያይ ቶሎ መታየት አለበት። ልጁ ይህን እንዲያውቅ ከልጅነቱ ንገሩት።

ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩን አነጋግሩ። ግራ ዓይኑ የወጣ ልጅ ክፍሉ ውስጥ በግራ በኩል ይቀመጥ፣ ሰሌዳውም ጓደኞቹም ሁሉ በሚያየው ዓይኑ በኩል ይሆናሉ። መንገድ ሲሻገር አንገቱን አዙሮ እንዲያይ አለማምዱት።

የእኛው አሁን አምስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ከመዋዕለ ሕፃናት ተደወለልኝ። ዓይኑን አውጥቶ ለጓደኞቹ እያዞረ አሳይቷል፤ አንዷ ልጅ አልቅሳለች፣ መምህርቷ ከሷ ብሳ ደንግጣለች። ልነግራት ስጀምር ከጀርባዋ ድምፁን ሰማሁት፦ «ቲቸር፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»